ጺሙ የማን ነው?

የመጀመሪያዋ የፖለቲካ ካርቱኔ የኖረችው ለአንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው። ማክሰኞ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ማታ ተወለደች፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተቀዳዳ የአንድ ዩኒት ሊደር ኮት ኪስ ውስጥ ገባች።

ያን ማታ ኢቲቪ «ጀሃዳዊ ሐረካት» የሚለውን ዘጋቢ ፊልም ያስተላለፈበት ነው። የዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላያስታውሰው ይችላል። ሙስሊሞች «መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ ገባ» ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ዓርብ ዓርብ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ቆይተዋል፤ ወኪል አድርገው የመረጧቸው የኮሚቴ አባላት ታስረዋል፤ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ነው። ፊልሙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ጨለም ያለ ክፍል፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ካሜራ ፊት ተቀምጠው የሚናገሩ እስረኞች፤ በየመሐሉ ደግሞ አል-ሸባብና ቦኮ ሐራም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሲያልቅ እማዬ ተነሥታ በሩን ቆለፈች። ቁልፉ አልበቃትም፤ የበቆሎ ጆንያ ጎትታ አስደገፈችው።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደብተሬን ገልብጬ በመጨረሻው ገጽ ላይ ቴሌቪዥን ሳልኩ። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ግማሽ አካሉ ወደ ሳሎን የወጣ ሰውዬ አለ፤ ነጭ ቆብ አድርጓል፣ ጺሙ ምንጣፉን ይጠርጋል፣ በእጁ ክሩ የሚጨስ ክብ ቦምብ ይዟል። ሳሎኑ መሐል አንድ ካድሬ ተንበርክኮ የቡናውን ጀበና በማጉሊያ መነጽር ይመረምራል፤ «ይህ ጭስ በማን ፈቃድ ወጣ?» ይላል። ቤተሰቡ አልጋ ሥር ተደብቋል። አምስት ናቸው፤ ስድስተኛው አቴንዳንስ ይይዛል። አንድ ለአምስት አደረጃጀትን የማታውቁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ያኔ ትምህርት ቤትም፣ ቀበሌም፣ እርሻም በአንድ ለአምስት ነበር የሚሄደው። ሁለት ሰው ሆኖ ቡና መጠጣት ራሱ አደረጃጀት የጎደለው ይመስል ነበር።

ክፍል ውስጥ ደብተሩ ከዴስክ ዴስክ ዞረ። አንዱ በስልኩ አነሳው፤ በብሉቱዝ ተላላከ። ሐሙስ ጠዋት ተጠራሁ።

ዩኒት ሊደሩ በሩን ዘጉና ሥዕሉን አዩት። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሊስቁ ነበር። ሳቁ አፋቸው ድረስ መጥቶ ተመለሰ፤ የተመለሰበትን ቦታ በዓይኔ አየሁት ማለት እችላለሁ።

«ማን አይቶታል?»

«ክፍሉ በሙሉ፣ ቲቸር።»

«እኔ አላየሁትም» አሉ እየቀደዱት። «አንተም አልሳልከውም።»

ብጥስጣሹን ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል ብዬ ስጠብቅ ኪሳቸው ከተቱት። የጽዳት ሠራተኞችም ማንበብ ይችላሉ። እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ አሁን ሳስበው እንዲያውም ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። ግን ሽብርተኛ አልፈሩም። መንግሥትንም በቀጥታ የፈሩት አይመስለኝም። የፈሩት ያዩ ሰው መሆንን ነው። ካርቱኔ ውስጥ ያልገባው ዋናው ቀልድ እዚያ ቢሮ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበርና አልታየኝም።

አዋጁን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። የሠርግ ካርድና ባነር ዲዛይን በማደርግበት ማተሚያ ቤት ሥራ ሲቀዘቅዝ የማልከፍተው ፋይል የለም። የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ አንቀጽ 6። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የታተመ መልእክት ካነበበው ሕዝብ መካከል በሁሉም ወይም በከፊሉ ዘንድ ሽብርን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚያበረታታ ተደርጎ ሊወሰድ የሚችል ከሆነ፣ ያሳተመው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። አነጋገሩ ከብሪታንያ የ2006 (እ.ኤ.አ.) የሽብርተኝነት ሕግ የተቀዳ ነው፤ ጎን ለጎን ብታነቧቸው መንትያ ናቸው። ልዩነቱ የእንግሊዙ ሕግ ጸሐፊው አስቦበት ወይም ቸልተኛ ሆኖ ያደረገው መሆን አለበት ይላል፤ ቅጣቱም ያኔ ቢበዛ 7 ዓመት ነበር። የእኛዎቹ ሲቀዱ የሐሳቡን ነገር ዘለሉትና ዓመቱን ጨመሩበት።

«በከፊሉ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አሰብኳት። ሰምና ወርቅ ያሳደገው ሰው ይቺን ቃል ሲያይ መሣቅ ይኖርበታል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሁሉ አንድ ወርቅ አያወጣም፤ አንዳንዱ ባለቅኔው በሕልሙ ያላሰበውን ወርቅ ይዞ ይወጣል፤ ሊቃውንቱ በዚህ ይከራከራሉ፣ ይደሰታሉ። በዚህ አንቀጽ ግን ከሰሚዎች አንዱ ያወጣው ወርቅ የባለቅኔው ወንጀል ነው። ሰሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ነው። ችሎቱ የቅኔ ማኅበር ሆነ፤ ዐቃቤ ሕጉ የኔታ።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሰዎች ዕድሜያቸውን ከፍለውበታል። እስክንድር ነጋ በዚህ አዋጅ 18 ዓመት ተፈርዶበት ከስድስት ዓመት በላይ ታሰረ። የ«ፍትሕ» ጋዜጣ ዓምደኛና መምህርት ርዕዮት ዓለሙ 14 ዓመት ተፈርዶባት በይግባኝ ወደ 5 ዝቅ ተደርጎላት አራት ዓመት ቃሊቲ ቆየች። የ«አዲስ ነገር» አዘጋጆች ክሱን ሳይጠብቁ ጋዜጣቸውን በኅዳር 2002 ዘግተው ተሰደዱ። ዮናታን ተስፋዬ ፌስቡክ ላይ በጻፋቸው ጽሑፎች፣ በዚሁ በአንቀጽ 6 ጥፋተኛ ተብሎ ግንቦት 17 ቀን 2009 ዓ.ም. 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። በዚያ ፊልም የታዩት የሙስሊሞች ጉዳይ ኮሚቴ አባላትና አብረዋቸው የተከሰሱት ሐምሌ 2007 ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

ዞን ዘጠኞችን ደግሞ ለብቻ ላንሳቸው፤ ምክንያቱም ስማቸው ራሱ ሀገራችን ካወጣቻቸው ምርጥ ካርቱኖች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ያለ አንድ መስመር የተሳለ ካርቱን። ርዕዮትን ለመጠየቅ ቃሊቲ ይሄዳሉ፤ ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞን እንዳለው ይሰማሉ፤ ዘጠነኛው ዞን ታዲያ ከአጥሩ ውጪ ያለው፣ እኛ ሁላችን ያለንበት ነው። በቃ። ከዚያ በኋላ ካርታውን በሌላ ዓይን ማየት ያቅታችኋል። ሚያዝያ 2006 ሲታሰሩ ክሱ ደግሞ የራሱን ካርቱን ሳለ፦ የሽብር ማስረጃ ተብለው ከቀረቡት መካከል ኢሜይልንና ኮምፒውተርን ከጠላፊ ስለመጠበቅ የወሰዱት ሥልጠና ይገኝበታል። በሩን የቆለፈ ሰው ሌባ ነው፤ ሌባ ባይሆን ለምን ይቆልፋል? የአምስቱ ክስ ሐምሌ 2007 ላይ ተቋረጠ፤ የባራክ ኦባማ ጉብኝት ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው። የቀሩት ጥቅምት 2008 ላይ ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ስላቅ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ቀን አስልቶ ቢጽፈው አርታኢው «አጋነንከው» ብሎ ይመልስለታል።

እዚህ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግን እዋሻለሁ። «ሽብር ምናምን የመንግሥት ፈጠራ ነው» የሚል ካርቱን በብዛት አይቻለሁ፤ እኔም ስያለሁ። ፈጠራ አልነበረም። ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ ሀገር በሙሉ የናይጄሪያን ጨዋታ ለማየት ቲቪ ላይ በተጣደበት እሑድ፣ ቦሌ ውስጥ አንድ ቤት ፈነዳ፤ ቦምብ ሲያዘጋጁ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 2007 ላይ ሊቢያ የታረዱት ልጆች የማንም የፕሮፓጋንዳ ክፍል ውጤት አልነበሩም፤ የየሰፈራችን ልጆች ነበሩ። የእማዬ ጆንያ ሞኝነት አልነበረም። ችግሩ ሰውየው አዲስ አበባ ላይ ለእነዚያ ልጆች ሊያለቅስ አደባባይ ሲወጣ በአስለቃሽ ጭስ መበተኑ ነው። ቀድሞውንም እያለቀሰ ላለ ሕዝብ አስለቃሽ ጭስ። እውነተኛው ፍርሃት የሕዝብ ነው፤ መንግሥት ይዋሰውና ወለዱን ከሕዝቡ ይሰበስባል። ጥሩ ካርቱኒስት የሚስለው ይሄን ብድር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

እስካሁን ያወራኋችሁ እኔ ጀግና የሆንኩበትን ግማሽ ነው።

ሥዕሉ በተቀደደ በሦስተኛው ቀን እማዬ ስኳር ግዛ ብላ ላከችኝ። ከቤታችን አራተኛው በር ሐጂ የምንላቸው ባለ ሱቅ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ «የእናትህ ልጅ» እያሉ ከረሜላ የሚመርቁልኝ ሰው። ስኳሩን መዝነው ሳይሰጡኝ ስልክ ከመሳቢያ አወጡ። የልጃቸው ነው፤ ትምህርት ቤት አብረን ነን። ሥዕሌ ነበር።

«አንተ ነህ የሳልከው?»

ደስ አለኝ። በእውነት። «አዎ ሐጂ፤ ቲቪው ላይ ነው የቀለድኩት። በእነሱ ነው።»

«ገብቶኛል ልጄ። ልጁም አስረድቶኛል። ጀበናዋ እንዲያውም አስቃኛለች።» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ጥግ ወሰዱት። «እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው። ይሄ ጺም የማን ነው?»

ዝም አልኩ። ጺማቸውን እንዳላይ ሚዛኑን አየሁ።

«እነሱ ሳሉኝ፤ አንተ ደግሞ አቀለምከኝ» አሉ። አልተቆጡም። ስኳሩን አቀበሉኝ። ስወጣ ከኋላዬ፦ «እናትህ ረቡዕ ዘይት ስትገዛ ዱቤ አልጠየቀችኝም። ስንት ዓመታችን ነው? እጅ በእጅ ከፍላ ወጣች።»

እማዬ ያን ማታ በጆንያ የከለከለችው ማንን እንደነበር ያኔ ገባኝ። የሩቅ ሰው አልነበረም። የእኔ ሥዕል ደግሞ ካድሬው ላይ ስቆ ሲያበቃ፣ ካድሬው የፈጠረውን ሰውዬ እንዳለ ተቀብሎ፣ ጺሙን አስረዝሞለት፣ ቦምቡን አስይዞት ወጣ። ቀልዱ «የሌለ ነገር አስፈሯችሁ» የሚል ነበር፤ የሚፈራውን ሰው መልክ ግን ከእነሱ ነው የቀዳሁት።

ከእኔ በጣም የሚበልጡ ሰዎችም ይቺ ድንጋይ አደናቅፋቸዋለች። ሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) ባሪ ብሊት የተባለው ሠዓሊ ለ«ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት የፊት ገጽ ሠራ። ባራክ ኦባማ ጥምጥም አድርጎ፣ ሚሼል ክላሽ አንግታ፣ ግድግዳው ላይ የቢን ላደን ምስል፣ ምድጃው ውስጥ የአሜሪካ ባንዲራ ሲነድ። የሥዕሉ ስም «የፍርሃት ፖለቲካ» ነው። ሊስቅ የፈለገው ስለ ኦባማ በሚወራው ወሬ ላይ ነበር። የኦባማ የምርጫ ቡድን ግን ተቆጣ። ብዙ ሰውም ወሬውን ራሱን ነው ያየው፤ ያውም በቀለም። ሐሜትን ለማጋለጥ ሐሜቱን ጮክ ብሎ እንደመድገም ነው። የሰማው ሁሉ ማጋለጥህን አያስታውስም።

ካርቱን ለምን እንዲህ እንደሚያደናቅፍ ከሥራው ተነሥቼ ላስረዳ። ልብወለድ ጸሐፊ ሰውየውን ለማስተዋወቅ አርባ ገጽ አለው። እኔ ያለኝ ሁለት ሴኮንድ ነው። በሁለት ሴኮንድ «ባለሥልጣን» ለማለት ቦርጭና ከረባት፣ «ገበሬ» ለማለት ጋቢና ዱላ፣ «ምሁር» ለማለት መነጽር። ይሄ የእኛ ፊደል ነው፤ ያለሱ መጻፍ አንችልም። ከፊደሎቹ አንዳንዶቹ ግን የሰው ፊት ናቸው፤ ባለቤት አላቸው። ቦርጩን ያዋሰኝ ባለሥልጣን ስልጣን አለው፤ ቢከፋው ይከሰኛል። ጺሙን ያዋሱኝ ሐጂ ግን ስኳር መዝነው ከመስጠት በቀር ምን ያደርጉኛል?

መውጫ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ መንግሥት ሕዝቡ ለሽብር ጥቃት ፕላስቲክና ማሸጊያ ፕላስተር ገዝቶ ቤት እንዲያስቀምጥ ሲመክር፣ ሀገሩ ያሉ ቀልደኞች እንጀራ አገኙ። በመስኮትና በበር ፈንታ ራሱን ያሸገ ሰው ስታስብ የማንም ጺም አያስፈልግህም፤ የሚያስቀው የፈራው ሰው ነው። ፍልስጤማዊው ናጂ አል-አሊ ደግሞ ሐንዞላ የሚባል ልጅ ነበረው፤ ጀርባውን ሰጥቶን፣ እጁን ከኋላ አጣምሮ የሚቆም የአሥር ዓመት ልጅ። ፊቱን አናይም። ናጂን እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ላይ በጥይት መቱት፤ ሞተ። ልጁ እስካሁን አልዞረም።

እነዚህን ሁሉ አንብቤ፣ ተምሬ፣ በስሎልኛል ብዬ እያሰብኩ ነው መስከረም 2011 የደረሰው።

ወቅቱን አስታውሱ። ሰኔ 2010 ላይ ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ ከሽብርተኛ ዝርዝር ወጥተዋል፤ እስረኞች ተፈተዋል፤ ስለ ፍርሃት መቀለድ ፋሽን ሆኗል። እኛ ዘንድ የዮ ማስቃላ ሰሞን ነው። ሽሮ ሜዳና ቡራዩ ሸማ ሲሠሩ የከረሙት ወደ ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ የሚመለሱበት ጊዜ። በዚያው ሰሞን ቡራዩ ውስጥ የጋሞና የዶርዜ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። መስቀልን ሊያከብሩ የሚጠበቁት ሳይመጡ መርዷቸው መጣ።

ያን ሌሊት ሳልኩ። ምን እንደሳልኩ በዝርዝር አልነግራችሁም፤ ድጋሚ መሳል ይሆንብኛል። ገዳዮችን ነበር የሳልኩት፤ ሁሉም አንድ ፊት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አለባበስ። ማንን ማለቴ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ቀልድ አልነበረበትም። ፌስቡክ ላይ ለቀቅኩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እስከዛሬ የሠራሁት ሁሉ ተደምሮ ያላገኘውን ያህል ሰው አጋራው። ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። «ሒሳቡ ይወራረድ።» ደግሞ ሌላው፦ «እዚህም አሉ እኮ።»

እዚህም ነበሩ። አርባ ምንጭ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሱቅ የከፈቱ፣ የተጋቡ፣ የወለዱ።

በነጋታው መንገዱ በወጣት ሞላ። እኔም ወጣሁ። ከዚያ የሆነውን ሀገር አይቶታል። የጋሞ አባቶች ከፊታችን መጡ። ፖሊስ አላስከተሉም። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከተቆጣው ወጣት ፊት ተንበረከኩ። አያቶቻችን። በጋሞ ባህል ይህን አልፎ የሚሄድ የለም፤ ማለፍ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ አንተ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ልጅህን ከብትህን ይከተላል። ከኋላ ያለነው መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልታየንም። ድምፁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ መጣ። እኔ አንድ በረንዳ ሥር ገብቼ ስልኬን አወጣሁና ሥዕሉን አጠፋሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስክሪንሹቱ ግን እስከዛሬ አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ አንዱ ቴሌግራም ላይ ልኮልኝ «ይሄን የሳለውን ጀግና ታውቀዋለህ?» ብሎኛል።

አዋጅ 652 ያን ቀን በሥራ ላይ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ሰሞን ከአንድ ሺህ በላይ ወጣቶች ታፍሰው ጦላይ ወታደራዊ ካምፕ ተወስደዋል፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ጀበና የሚመረምር ካድሬ የሳልኩ ጊዜ አንድ ቢሮ ተንቀጥቅጧል። ሰው ሊያስገድል የሚችል ሥዕል የሳልኩ ጊዜ «ጀግና» ተባልኩ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልጋል ማለት ነው? ይሄን ጥያቄ ለራሴ ሳልሸነግል መመለስ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ሁለተኛውን ሥዕል የሚመለከት ሕግ መኖሩን አልጠላም፤ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም። የኋላው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ፖለቲካዊ ትችትንና የኪነ ጥበብ ፈጠራን ከክልከላው ለይቶ ለማውጣት ሞክሯል፤ አዲሱ የሽብር አዋጅ 1176/2012ም ሰልፍና ተቃውሞን ሽብር ከመባል አውጥቷል። ጥሩ ነው። በ2015 ጋዜጠኞች እንደገና በሽብር ተከሰሱ፤ ይሄም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አብሮ ይጻፍልኝ። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ይህ ሥዕል በማን ላይ ነው?» ብሎ ነው። በእኛ ላይ ከሆነ ፋይል ይከፈታል። ሐጂ የጠየቁኝ «ይህ ሥዕል በማን ፊት ተሠራ?» ብለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብኝም ብዬ እስከ ችሎት ድረስ እከራከራለሁ። ለሁለተኛው ግን አለብኝ፤ ያለብኝም ለመንግሥት አይደለም፤ ለአራተኛው በር ነው። ብዙ ጓደኞቼ እነዚህን ሁለቱን ያምታቷቸዋል። «ለካድሬ አልንበረከክም» ያለው ሁሉ ለጎረቤቱም ላለመመለስ ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

በነገራችን ላይ ሽማግሌዎቹን ለመሳል ሞክሬያለሁ፤ አይሆንም። በካርቱን ቋንቋ የተንበረከከ ሽማግሌ ተሸናፊ ነው፤ ሣሩም ጭረት ሆኖ ይቀራል። በዚያች ጠዋት ያየሁት ግን ከተማ የሚያክል ነገር ያቆመ ነበር። ሰባት ጊዜ ሳልኩት፣ ሰባት ጊዜ የሚለምኑ ሰዎች ሆኑብኝ። ፊደላችን የማይጽፈው ነገር አለ።

ከዚያ ወዲህ ፊት መሳል አቆምኩ። ፓርላማው ሚያዝያ 2013 ላይ ሕወሓትንና ሸኔን በሽብርተኝነት ሲፈርጅ፣ መጋቢት 2015 ላይ ደግሞ ሕወሓትን ከዝርዝሩ ሲያወጣ፣ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ሳልኩ። መዝገብ አለ፤ እጅ ብቻ የሚታየው ሠራተኛ «ስንት ሌሊት ያድራሉ?» ይላል፤ በየክፍሉ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ጫማ ብቻ። ሰው ወደደው። እኔም ኮራሁበት፤ የማንንም ፊት አልተዋስኩም፣ ማንንም አልበደልኩም። ጫማና እጅ፣ ወንበርና ማይክራፎን። ንጹሕ ሥራ።

ባለፈው ረመዳን ሐጂ ሱቅ ገባሁ። አርጅተዋል። ልጃቸው ነው አሁን ሱቁን የሚይዘው፤ እሳቸው ከሰዓት ከሰዓት ሚዛኑ አጠገብ ይቀመጣሉ።

«ሰው መሳል አቆምክ አሉ» አሉኝ።

«ፊት ነው ያቆምኩት ሐጂ።»

«ለምን?»

«እርስዎ ነዎት ያስቆሙኝ።»

ትንሽ አሰቡ፤ ረስተውት ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሳቁ። «የማን ነው አልኩህ እንጂ አትሳል አልኩህ? እንዲያው ከነጭራሹ አጠፋኸን እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ቆባቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «በል፣ ሳለኝ።»

ከመጠቅለያው ወረቀት ላይ ቆርጬ ሳልኳቸው። ፊታቸውን፣ ጺማቸውን፣ ሚዛኑን፣ ከኋላቸው ያለውን መደርደሪያ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት፤ ከዚያ አቀረቡት።

«ጺሜ ይህን ያህል አልሸበተም።»

«ሸብቷል ሐጂ።»

«እሺ ይሁን። መደርደሪያው ግን ባዶ ነው እንዴ?»

«ባዶ ነው እኮ። ስኳርም ዘይትም ጠፍቷል ብለውኝ የለ?»

ወደ በሩ አዩ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው። «ባዶውን ካዩ ደበቀ ይላሉ። ሞልቶ ካዩ ደግሞ አከማቸ ይላሉ።» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ግማሹን ሙላው።»